አባዬ «ጻፊው» አለኝ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ የመጨረሻው ፈተና ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ኢሜይል ደረሰኝ። ፔል ግራንቴም የኮሌጁ ስኮላርሺፕም ከነሐሴ ጀምሮ ይቆማሉ ይላል። ምክንያቱ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር 15 ክሬዲት ወስጄ 15ቱንም አልፌአለሁ። በሁለተኛው 14 ተመዝግቤ ነበር፤ ከማታው የአናቶሚ ክፍል በቀር ሁሉንም አቋረጥኩ፣ እሱም 4 ክሬዲት ነው። ድምሩ ከ29 ውስጥ 19፣ ማለትም ከመቶ 65 ተኩል መሆኑ ነው። የሚፈለገው 67 ነበር። «ደብልዩ ጂፒኤ አይነካም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ አይነካም። ግን ተወስዶ ያላለቀ ክሬዲት ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህን ለፍሬሽማን የሚነግር ብዙ ሰው የለም።

ያቋረጥኩት የካቲት ላይ አባዬን ስትሮክ ስለመታው ነው።

አባዬ ላስ ቬጋስ ውስጥ 17 ዓመት ታክሲ ነድቷል። ከኤርፖርት እስከ ስትሪፕ የማያውቀው አቋራጭ የለም፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን ቀልድ አያልቅበትም ነበር። ሆስፒታል ሲነቃ እንግሊዝኛው የለም። አማርኛውም አንዳንድ ቃል ብቻ ነው። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው በስትሮክ ንግግሩ ሲጎዳ ሁለቱ እኩል ላይመለሱ እንደሚችሉ በኋላ ክፍል ውስጥ ተማርኩ። እማዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ሥራዋን ከለቀቀች የሁላችንም ኢንሹራንስ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ቴራፒ የማደርሰውም የማስተረጉምለትም እኔ ሆንኩ። ስፒች ቴራፒስቷ የሥዕል ካርድ ታነሣለች፣ እኔ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» እላለሁ፣ እሱ ማንኪያውን እያየ እንባው ይወርዳል።

ኢሜይሉ ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ይናገራል። ለእማዬ «ይግባኝ ልጽፍ ነው» ስላት ደንግጣ «ማንን ከሰስሽ?» አለችኝ።

የፌዴራሉ ደንብ ለይግባኝ የሚጠቅሳቸው ምክንያቶች የዘመድ ሞት፣ የተማሪው የራሱ ጉዳት ወይም ሕመም፣ ወይም ሌላ ልዩ ሁኔታ ናቸው። የአባት ሕመም በስም የለም፤ ሦስተኛው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ስለዚህም ማስረዳት ይጠይቃል። መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ምን ደረሰብሽ? አሁን ምን ተለወጠ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቤታችንን በጠበጠው። እማዬ «የአባትሽን ገመና ለማያውቁት ሰዎች ልትጽፊ ነው?» አለች። እሷ እንደወደደችው «በቤተሰብ የጤና ችግር ምክንያት» ብዬ ሦስት መስመር ጻፍኩ። አማካሪዬ አንብባ «ማን ነው የታመመው? መቼ? አንቺን እንዴት ነካሽ?» አለችኝ። አበሻ ቢያነበው ይገባው ነበር። እኛ «ትንሽ አሞት ነበር» ስንል ሰውየው ሞቶ ተነሥቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሰሚው ይሞላዋል። ኮሚቴ ግን አይሞላም፤ ቀንና ወረቀት ነው የሚፈልገው።

ያን ማታ ከእማዬ ጋር ስንከራከር አባዬ ሶፋው ላይ ነበር። የተኛ መስሎን ነበር። አፉን ብዙ አንቀሳቅሶ፣ ቆይቶ፣ «ጻፊው» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ሁሉን»። እማዬ ተነሥታ ወደ ኩችና ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልተከራከረችኝም፣ ደብዳቤውን ግን እስከ ዛሬ እንዳነብላት አልፈለገችም።

ሁለተኛው ጥያቄ የባሰ ነው። አባዬ አልዳነም፤ ታዲያ ምን ተለወጠ ልበል? ሁለት ነገር ተለውጦ ነበር። አንደኛው አስተርጓሚ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም ሆነ ክሊኒክ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ ክፍል 1557 ናቸው። ነርሲንግ የምትማሩ ይህን ለፈተና ብቻ አትያዙት፣ ለወላጆቻችሁም ንገሯቸው። ስንጠይቅ በቪዲዮ አማርኛ የሚናገር ሰው መጣ፤ አባዬም ከልጁ ፊት ይልቅ በእሱ ፊት መሳሳት ቀለለው። ሁለተኛው የአባዬ የታክሲ ጓደኛ ነው። ሰኞና ረቡዕ እኔ አደርሰዋለሁ አለ፤ ለእኔ ዓርብ ብቻ ቀረችኝ። ይህንኑ በአማርኛ ጽፎ ፈረመልኝ፣ ትርጉሙን አያይዤ ከሐኪሙ ደብዳቤና ከቀጠሮ ቀኖቹ ዝርዝር ጋር አስገባሁ።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። ፔል ግራንቱ ተመለሰ፣ ግን በአካዳሚክ ፕላን ነው፦ የተመዘገብኩትን ሁሉ ማለፍ አለብኝ፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ይታያል። የኮሌጁ ስኮላርሺፕ አልተመለሰም፤ ለሌላ ተማሪ ተሰጥቷል። በቃ፣ እሱን ለማካካስ ቅዳሜና እሁድ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። እስካሁን ሁለት ሴሚስተር አልፌአለሁ።

ከእናንተ መካከል ይግባኝ ለመጻፍ ተቀምጦ ከሦስት መስመር ያላለፈ ካለ የእኔን ደብዳቤ ላሳየው እችላለሁ። አባዬን አስፈቅጄዋለሁ፤ «ይዩት» ብሏል።