በስድስት ኪሎ ከተማሪዎች ማደሪያ

ታላቅ ወንድሜ በመንዝ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። የበኵር ልጃቸው ፈተናውን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተመደበ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ታላቅ ደስታ ተደሰተ። ነገር ግን ተማሪው ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ጨርቅ ይዞ እንዲመጣ የሚያዝዘውን የጥሪ ማስታወቂያ ባነበቡ ጊዜ ወንድሜ ዝም አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም «ከእነማን ጋር ነው የሚያድረው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስሆን ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ይህ ጭንቀት የወንድሜ ብቻ አይደለም። ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ወላጅ ከቀኑ ይልቅ ሌሊቱን ያስባል። ቀኑ የትምህርት ነው፤ መምህር አለበት፤ ሌሊቱ ግን የማን ነው? በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪዎች ሕይወት ማለፉንም ወንድሜ አልረሱትም። በዚህ ላይ ኮተቤ የምትኖር የአክስታችን ልጅ «አንድ ክፍል አለኝ፤ እኔ ዘንድ ይደር» ብላ ነበርና፣ ወንድሜ «ሄደህ እየው፤ የማይሆን ከሆነ ዕቃውን አሸክመህ ኮተቤ አስገባው፤ አንተ ካልህ አለቀ» አሉኝ። እንዲህ ያለው ሥልጣን ለሰጪው ቀላል፣ ለተቀባዩ ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ በጾመ ነቢያት በአንድ ረቡዕ ቀን ከደብረ ብርሃን በማለዳ ተነሣሁ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የልጁ እናት እስከ ገና ድረስ እንዲያደርሰው ብላ የሰፈረችው በሶና ዳቦ ቆሎ በጉልበቴ ላይ ነበር። ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ ከታክሲ ወደ ታክሲ እየተሸጋገርሁ ስድስት ኪሎ ስደርስ ረፋድ ሆነ፤ በአደባባዩ መካከል የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ተሳልሜ ወደ ዩኒቨርሲቲው አቀናሁ።

ወደዚያ ግቢ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የተማሪ ቤት ሳይሆን የንጉሥ ቤት ነው። ገነተ ልዑል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይኖሩበት የነበረ ቤተ መንግሥት ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ሳለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት፤ በዚያ ምክንያት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት ሐውልቱ ይናገራል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥቱን ለመገልበጥ ሙከራ በተደረገ ጊዜ ደግሞ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በዚሁ ቤት ውስጥ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለትምህርት ሰጡ። በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተጀመረው ኮሌጅ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጠቃሎ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጣሊያኖች እያንዳንዱ ደረጃ የፋሺስትን የሥልጣን ዘመን አንድ አንድ ዓመት እንዲቆጥር አድርገው የሠሩት መወጣጫ ዛሬም በቤቱ ፊት አለ፤ ከነጻነት በኋላ ግን በላዩ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ተማሪዎች በደረጃው ሥር ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሡ አየሁ፤ ታሪኩን ያወቁት ስንቶቹ እንደ ሆኑ አልጠየቅሁም።

የተማሪው ማደሪያ ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ይኸውም ከቤተ መንግሥቱ ታሪክ ያላነሰ ነው። ከ1951 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በስኮላርሺፕ የመጡ ወጣቶች ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። የእኒያ እንግዶች ወሬ፣ ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ ነጻነት ያነሡት የነበረው ክርክር፣ የኢትዮጵያን ተማሪ ዓይን ከከፈቱት ነገሮች አንዱ መሆኑን የዘመኑ ሰዎች መስክረዋል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ያ ሁሉ አልጋ ባዶ ቀረ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተወስደው ነበር፤ በዚያ በረሃ በጸሎት ከተሰባሰቡት መካከል ኋላ ማኅበረ ቅዱሳንን የመሠረቱ ተነሥተዋል። እንግዲህ አብሮ ማደር ምን እንደሚያፈራ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ወንድሜም የፈሩት ይህን ይመስለኛል።

በበሩ ተፈትሼ፣ መታወቂያዬን አስይዤ፣ ልጁ መጥቶ ከተቀበለኝ በኋላ የማደሪያው ኀላፊ ዘንድ ቀረብን። ተማሪዎቹ «ፕሮክተር» ይሉታል። እንግዳ ወደ ክፍል እንደማይገባ በትሕትና ነገረኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አሳቀኝ፤ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ትኬት ለቈረጠ ሁሉ ለብዙ ዓመታት ሲያሳይ ኖሯል፤ የአንድ የመንዝ ቄስ ልጅ የሚተኛበትን ለማየት ግን ልመና ያስፈልጋል። መቼም ሕጉ ትክክል ነው፤ ሕያዋን የሚተኙበት ከሙዚየም ይልቅ መከበር አለበት። በመጨረሻ ሰውዬው የያዝሁትን ከረጢት አይቶ «ዕቃውን አድርሰው ቶሎ ይውረዱ» አለኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሦስት ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ የብረት ቁም ሣጥን፣ አንድ ጠረጴዛና ወደ እንጦጦ የሚያይ አንድ መስኮት አለው። ከአልጋ ወደ አልጋ በተዘረጋው ገመድ ላይ ካልሲና ፎጣ ተሰጥቷል፤ በአንዲት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ የስድስቱም ስልክ ተሰክቷል። ጥጉን የያዙት ውኃ ሲጠፋ የሚጠብቁ ጀሪካኖች ናቸው። በአንዱ ቁም ሣጥን በር ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተለጥፏል፤ በማዶው አልጋ ራስጌ ደግሞ የመስገጃ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስገባ ልጆቹ ሁሉ ከአልጋቸው ወርደው ቆሙ። አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከአርሲ፣ አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከወለጋ ነው፤ ስድስተኛው የእኛው ነው። ይህን ድልድል ያወጣው ሰው ወይም መኪና ምን አስቦ እንደ ሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን በአርባዎቹ ዕድሜዬ ከወለጋ ሰው ጋር በአንድ ክፍል አድሬ አላውቅም።

ከረጢቱ ወዲያው ተፈታ። ለካ ከቤት የመጣ ምግብ ሁሉ በመጣበት ቀን የሁሉም ነው የሚል ሕግ አውጥተው ኖሯል። አንዱ በሶውን በስኳር በጠበጠው፤ ሌላው በውኃና በጨው ጨበጠው። ጿሚዎቹ ሰዓቱ እስኪደርስ ድርሻቸውን በኩባያ ከድነው በመስኮቱ ላይ አኖሩት። የጅማው ልጅ፣ እርሱ እስላም ነው፣ የነርሱን ኩባያ ከፀሐይ ወደ ጥላ አዛወረላቸው። ይህን ያደረገው እኔ እንዳየው አልነበረም፤ ፊቱንም ወደ እኔ አላዞረም።

ያን ጊዜ የቅኔ ቤቴ ጎጆ ታወሰኝ። እኛ የቆሎ ተማሪዎች በመምህሩ ደጅ ዙሪያ ራሳችን በሠራናት የሣር ጎጆ አራት ሆነን እናድር ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን የለመንነውን ቍራሽ በአንድ ገበታ እንቀላቅላለን፤ ውሻ የነከሰው ይታከማል፣ ያልተነከሰው ይለምናል። ደበሏችን ብርዱን ቢከለክልም ቍንጫውን አይከለክልም። ከዚያ ጋር ሲመዛዘን የዛሬው ተማሪ ባለጠጋ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች እናበልጥ ነበር። የመጀመሪያው ጎጆዋ የእኛው ሥራ ስለ ሆነች ብታፈስ የሚከድናት ሌላ አልነበረም፤ እዚህ ግን በመተላለፊያው ላይ የተቃጠለ አምፖል ስንት ጊዜው ነው ብዬ ብጠይቅ «እኛ ስንገባም አይበራም ነበር» አሉኝ። ስድስት የተማሩ ሰዎች በጨለማ እየተደናበሩ ያልፋሉ፤ አምፖሉ የመንግሥት ነዋ! ሁለተኛውና የሚበልጠው መምህራችን ድምፃችን በሚሰማበት ስፍራ ያድሩ ነበር። በሌሊት ቅኔ ስንዘርፍ ስሕተታችንን ከመደባቸው ላይ ሆነው ያርሙናል። የዩኒቨርሲቲው መምህር ግን ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌሊቱ በወጣቶቹ እጅ ይቀራል።

ስለ ምግቡም ጠየቅሁ። ጠዋት ዳቦና ሻይ፣ ምሳና ራት እንጀራ በወጥ፤ በጾም ቀን ሽሮና ምስር አለ። ወንድሜ ይህ ሁሉ ነጻ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ውል ይፈርማል። ይህን ሳነሣበት ልጁ ሣቅ ብሎ «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ተበዳሪ ነኝ እንጂ እንግዳ አይደለሁም» አለኝ።

ከዚያ ወርደን በአንበሳው ደረጃ አጠገብ ተቀመጥን። የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልደብቅ ነገርሁት። መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ጸሎቱ ነበር። የግቢ ጉባኤው ተማሪዎች ማታ ማታ ለመዝሙርና ለትምህርት ይሰበሰባሉ፤ ከእነርሱም ነጠላቸውን አጣፍተው በሌሊት ወደ አምስት ኪሎዋ ቅድስት ማርያም የሚወርዱ አሉ። እርሱም በመጀመሪያው ወር ይሄድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ወር ያህል እንዳልሄደ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ልቈጣ ቃጣሁ፤ ምክንያቱን ከሰማሁ በኋላ ግን ቍጣዬ በረደ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ አይገባውም፤ ገጠር ትምህርት ቤት ካነበበው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ በኬኔዲ ስም በተጠራው ቤተ መጻሕፍት እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል፤ ወድቆ ቢመለስ አባቱ በምእመናን ፊት እንዴት እንደሚቆሙ ያስባል። በመጀመሪያው ሳምንት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲያለቅስ ከበታቹ የሚተኛው የወላይታው ልጅ የአልጋውን ብረት ቀስ ብሎ ኳ ኳ አደረገለት። ምንም አላለውም፤ እርሱም ዝም አለ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን ያልገባውን የሒሳብ ጥያቄ የሚያስረዳው እርሱ ሆነ።

«ሌሊት የሚቀሰቅስህ ማን ነው?» አልሁት።

«የጅማው ልጅ ነው። ለሱብሒ ሲነሣ እግሬን ይነካኛል፤ ዳዊቴን ያን ጊዜ እደግማለሁ» አለኝ።

«ጠብስ የለም?»

«መብራት አለ ጋሼ» አለና ሣቀ። አንዱ ሊያነብ ሲፈልግ ሌላው ሊተኛ ይፈልጋል፤ አንዱ በስልኩ ሙዚቃ ይከፍታል። አንድ ጊዜ በአገር ነገር ተነሥተው ክፉ ቃል ተነጋግረው ሁለቱ ለሁለት ሳምንት ተኳርፈው ነበር። እርቁን ማን እንዳደረገ ስጠይቀው «ውኃ ጠፋ፤ ጀሪካን አብሮ መሸከም ግድ ሆነ» አለኝ።

ኮተቤ ያለችውን ክፍል አነሣሁበት። ጸጥታ አለው፣ የዘመድ ቤት ነው፣ ትኩስ ራት ይገኛል። ልጁ ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «አባቴ ካሉኝ እገባለሁ። ግን ሌሊት ያልገባኝን ማንን እጠይቃለሁ?» አለ። እኔም የታክሲውን ሰልፍና የመንገዱን ርቀት ደምሬ ቀንሼ፣ ከሁሉም ይበልጥ ያን የአልጋ ብረት አስቤ፣ ዕቃው ካለበት እንዲቆይ ወሰንሁ። ነገር ግን በየሳምንቱ እሑድ ቅዳሴ እንዲያስቀድስ፣ ለንስሐ አባቱም የሆነውን ሁሉ እንዲነግር ቃል አስገባሁት። ስለ አምፖሉም ስድስቱ በአንድ ፊርማ እንዲያመለክቱ አዘዝሁ፤ ይህኛውን ትእዛዝ ይፈጽሙት አይፈጽሙት ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ማታ ላምበረት መናኸሪያ አውቶቡሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ለወንድሜ ስልክ ደወልሁ። ክፍሉን፣ ልጆቹንና የየአገራቸውን ስም በዝርዝር ነገርኋቸው፤ የጅማውን ልጅ ነገርም አልዘለልሁም። ወንድሜ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ዝምታቸው ስለ ረዘመ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ይሰሙኛል?» አልሁ።

«እሰማሃለሁ» አሉ። «ስንት ናቸው አልህ?»

«ስድስት።»

«እንግዲያ በሶው አልበቃም» አሉና ወደ ጓዳ ዞረው ባለቤታቸውን ሲጣሩ ሰማሁ።