ሆቴል ስንመርጥ ማንን እናስቀድም?

ዓመቱን ሙሉ በሥራና በቤት መካከል ስትሮጥ የከረመች እናት የዕረፍት ፈቃዷን ስታገኝ አስቀድማ የምታሰላው የሆቴሉን ዋጋ ነው። ይህም አያስነቅፋትም። ደመወዟ የተቆጠረ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ከፊቷ የተደቀነ ሴት ገንዘቧን ቆጥራ ማውጣት ይገባታል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ዳሩ ግን ሒሳቡን ስሠራ አንድ ነገር ረስቼ ኖሮ፣ ዕዳውን የከፈለችው እናቴ ሆነች።

ጊዜው መስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ እንቁጣጣሽን ደብረ ማርቆስ ከእናቴ ጋር ዋልኩ። እናቴ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አግብታና ወልዳ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላት የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጎጃምን ዙሪያውን ከቦ የሚፈሰውን ወንዝ ስሙን እየሰማች ኖራ፣ «ሳልሞት አንድ ቀን» ማለት ልማዷ ነበር። በዚያ ዓመት ያ ቀን እንዲደርስላት ቆረጥኩ።

ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚያድረው ባሕር ዳር ነው። እኔም ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ስልክ ደውዬ ካጠያየቅሁ በኋላ፣ መካከለኛ ደረጃ ካላቸው ሆቴሎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጣናን የሚያሳይ ክፍል በቅናሽ አገኘሁና ቀብድ ላክሁ። ለምን እንደረከሰ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ዕለት ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በእንጅባራ በኩል 265 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዘን ስንደርስ ምክንያቱ ገባኝ። ሊፍት የለም። እናቴ መደገፊያውን እየያዘች፣ በየፎቁ እየቆመች ወጣች። «እምዬ፣ ደከመሽ እንዴ?» አልኳት። «ኧረ ደህና ነኝ፤ ምን ሆኜ!» አለችኝ። ማታ ደግሞ ውሃው እስከ እኛ ፎቅ መድረስ አቃተውና ከምድር ቤት በባልዲ ሳመላልስ አመሸሁ። ሐይቁ እውነትም በመስኮት ይታያል። ለማየት ጊዜ ያገኘ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ትንሿ ልጄ መጥታ፣ «እማዬ፣ የእምዬ ጉልበት አብጧል» አለችኝ። እናቴ በቀሚሷ ሸፍናው አድራለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «ከፍለሽበት የለም ወይ? እኔ ምን ብዬ ላስከስርሽ» አለችኝ።

ቀብዱ ቀረ። ልጆቹን ከእሷ ጋር ትቼ በእግሬ እየዞርኩ ሦስት ሆቴሎች አየሁ። ክፍሉን አስከፍቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ አንሶላውን ገልጬ ነው ያየሁት። በሦስተኛው ምድር ቤት ያለ ክፍል ተገኘ። ሐይቅ አያሳይም፤ ነገር ግን በሩ ወደ ግቢው ይከፈታል፣ ልጆች ከዓይን ሳይርቁ ይጫወታሉ፣ ሮቶውም ጄኔሬተሩም ይሠራል። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ለእናቴ የጾም ሽሮ ሠሩላት። የዋጋው ልዩነት ለአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ሥጋ ቢገዛ ነው።

ቅዳሜን ጉልበቷን እያሸሁ አረፍን፤ እሑድ ወደ ጢስ ዓባይ ሄድን። ወደ ፏፏቴው የሚያደርሱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ድንጋያማውን ዳገት የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ የሚሄደው ነው። እኛ በጀልባው ሄድን። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ቀስ እያለች ደረሰች። ጢሱ ነጠላዋን እስኪያረጥበው ዝም ብላ ቆመችና፣ «ይኼ ሁሉ ውሃ በእኛ ደጅ ሲያልፍ ነው የኖረው?» አለችኝ። አንዲት ቀን ብንቸኩል ኖሮ ይህን ሳታይ ትመለስ ነበር።

ከዚህ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ሆቴል ስትመርጡ አስቀድማችሁ ከቤተሰቡ ደካማውን አስቡ፤ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ ከዋጋው በፊት ፎቁን ጠይቁ። ውሃው ሌሊትም እንደሚመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳለ፣ ሕፃናት ከእናታቸው ጋር ሲተኙ ተጨማሪ እንደሚከፈልባቸውና ከሥር የሙዚቃ ቤት እንዳለ አጣሩ። ባሕር ዳር ቆላ ቀመስ ስለሆነች አጎበር መኖሩን ተመልከቱ። ደብረ ማርቆስ የምታድሩ ከሆነ ግን ደጋ ነውና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ። ክፍሉን ሳታዩ ሙሉ ሒሳብ አትክፈሉ።

ወቅቱንም ምረጡ። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ይሁን እንጂ በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የወንዙ ውሃ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል፤ ሞልቶ የሚታየው በክረምትና ክረምቱ በወጣ ሰሞን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያትም ማንም ሰው ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሰላም በአካባቢው ካሉ ሰዎች አጣርቶ ሊረዳ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ግን እናቶቻችንን «ደህና ነሽ?» ብለን ጠይቀን አንለፍ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። ደረጃውን ሲወጡ እጃቸው የት እንደሚይዝ እንይ። እኛም ብንሆን ባልዲ ተሸክመን «ደህና ነኝ» የምንል ነንና፣ ዕረፍት ስንወጣ እኛም ጭምር የምናርፍበትን ቤት እንምረጥ።