እንዶድና ዋስትና

ለጋይንት ሰው እንዶድ ብርቅ አይደለም። በየአጥሩ ጥግ፣ በየአፋፉ ላይ እየተጠማዘዘ የሚያድግ፣ ሐረግም ቁጥቋጦም የሚመስል ተክል ነው። ፍሬው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሲታሽም እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። የፋብሪካ ሳሙና በየመንደሩ ሱቅ ሳይገባ በፊት፣ ከጉና ግርጌ እስከ እስቴ ድረስ የበዓል ዋዜማ ጋቢና ቀሚስ የሚነጣው በእርሱ ነበር። አያቴ በሳሙና የታጠበ ጋቢ «ቶሎ ይሳሳል» ትል ነበር። እንዶድ ማጠብ ብቻ ሳይሆን መግደልም እንደሚችል ታውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው የተወቀጠበትን ዕቃ ከልጆች የምታርቀው።

ቅኔ የለመደ ጆሮ ያለው አንባቢ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ሳይጠረጥር አይቀርም። የእንዶድ ሰሙ ልብስ ማንጣቱ ነው። ወርቁ እስኪገኝ ግን አንድ የሳይንስ ሰው አድዋ ወንዝ ዳር መውረድ ነበረበት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱበት ዓመት ነበር። የሚያጠኑት ቢልሃርዝያን ነው። የዚህ በሽታ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። እንቁላሉ ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የወጣው እጭ በውኃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ እግሩን ውኃ ውስጥ የነከረውን እረኛ፣ ውኃ ቀጂዋን፣ ዋናተኛውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ማለት ነው። አክሊሉ ወንዙን ተከትለው ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዷ ከአረፋው ጥቂት በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተያዙበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እንግዲህ ይህ ግኝት ለድሃ አገር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዚያ ዘመን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት የሚታዘዘው ኬሚካል ከውጭ በውድ ዋጋ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር። እንዶድ ግን በአጥር ላይ ይበቅላል። አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከ1969 እስከ 1974 ድረስ አድዋ ውስጥ ለአምስት ዓመት ሞከሩት። በአካባቢው በቢልሃርዝያ የተያዘው ሰው ከመቶ 63 የነበረው ወደ 33 ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። የዕፅዋት ሊቁ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከየአገሩ ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ብርቱውን መርጠው አወጡ፤ «ዓይነት 44» ተባለ።

ከዚህ በኋላ የቀረው እርዳታ ማግኘት ነበር፤ ታሪኩም የቆመው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ እንዶድ በሰፊው ወደ ወንዝ ከመግባቱ በፊት መርዛማነቱ በታወቀ ቤተ ሙከራና በዓለም አቀፍ ሥርዓት ይመርመር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው ውጤት ብቻውን በቂ ሆኖ አልተቆጠረም።

ፍርድ እንዳናዛባ፣ ጥያቄው በራሱ ትክክል ነበር። አያቴ እንኳ ዕቃውን ከልጆች ታርቅ ነበር ብያለሁ። እንዶድ ዓሣ ይገድላል፤ ሰውም በስውር ለሌላ ጉዳይ ሲጠጣው ሕይወት ያሳጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ሳይመረምሩ ወንዝ ውስጥ ጨምሩት ማለት ድፍረት ነው። የማይዋጥልኝ ሌላው ወገን ነው። ምርመራው ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ያላቸው ደግሞ መጀመሪያ የምርመራውን ውጤት አምጡ ይላሉ። እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህን ዓይነት ዙረት ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ። ገንዘብ የሚሰጠው ገንዘብ ላለው ነው፤ አመኔታም እንዲሁ። አክሊሉ በ1989 ከለገሠ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በተቀበሉ ጊዜ፣ የአፍሪካ ምርምር ችግር የመሣሪያና የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን በበለጸጉት አገሮች ያሉ አንዳንድ ሰዎችና ድርጅቶች የያዙት አድልዎም መሆኑን ተናግረዋል። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ይባላል። እዚህ ግን ነቢዩ የተናቀው በሰው አገር ነው፤ በአገሩማ አጣቢዎቹ ከእርሱ በፊት ያውቁ ነበር።

የተጠየቀው የመርዛማነት ምርመራ በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል በሰጠው ድጋፍ ተካሄደ። እንዶድ ለአጥቢ እንስሳት ያን ያህል አስጊ እንዳልሆነ የሚያሳየው ውጤት በ1991 ታተመ። ከአድዋ ወንዝ ዳር ከተቆጠረ 27 ዓመት መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ፕራዚኳንትል የተባለው መድኃኒት መጥቶ ነበር። መድኃኒቱ መልካም ነው፤ ትሉን ይገድላል፤ ሜርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያም ከ2007 ጀምሮ በነጻ ለአፍሪካ ሕፃናት ይሰጣል። ነገር ግን ልጁ በመድኃኒት ድኖ ነገ ወደዚያው ወንዝ ይወርዳል፤ ቀንድ አውጣውም ይጠብቀዋል። የጣና ዙሪያ ሰው፣ የፎገራ ሰው፣ ይህን ምልልስ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ አክሊሉም በተካፈሉበት ሙከራ፣ እንዶድ የዚያን አገር ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ባለ ዛጎል ፍጥረት እንደሚገድል ታወቀ። ዩኒቨርሲቲውም ፓተንት አወጣበት። ለቧንቧው ሲባል ወረቀቱ ቶሎ ተገኘ። አክሊሉ በ1997 አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህን ሁሉ እንዳነሣ ያደረገኝ አምና ከጠረጴዛዬ ማዶ የተቀመጠ አንድ የስማዳ ልጅ ነው። የሕክምና መሣሪያ ጥገና ተምሯል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፎ እንደነበር የሚረሳ የለም፤ ከዚያ ወዲህ ከየአቅጣጫው ዕቃ በእርዳታ መጥቷል። ዕቃ ግን ይበላሻል። ልጁ በየጤና ጣቢያው መጋዘን እየዞረ አይቷል። ከአየር ላይ ኦክስጅን ለይተው ለበሽተኛ የሚሰጡ ማሽኖች አቧራ ለብሰው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ማሽኖቹ እኮ አልሞቱም» አለኝ። «የአንዳንዱ ማጣሪያው ነው የተደፈነው። የአንዳንዱን መብራት ሲመጣና ሲሄድ ፊውዙን በልቶታል።»

መለስተኛ የጥገና ቤት መክፈት ፈልጎ ነበር። እርዳታ ሰጪ ቢሮ ጠይቆ ነበር አሉ፤ አዲስ ማሽን መስጠት ይቻላል፣ ለጥገና የሚሆን በጀት ግን የለም ተባለ። እኔም ቅጹን ሰጠሁት። ለመያዣ የሚቀርብ ንብረት በሚለው መስመር ቤት፣ ሕንጻ፣ ተሽከርካሪ ተዘርዝሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከብትንና እህልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንኳ በመያዣነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ልጁ ግን ከብትም የለው። መስመሩን ባዶውን ትቶ ቅጹን መለሰልኝ። ደንቡ የኔ አይደለም፤ የሰው አደራ የያዘ ባንክም እንዲሁ ገንዘብ አይበትንም። ቢሆንም ያ ባዶ መስመር ምሳዬን አላስበላኝም።

ከቢሮ ወጥቼ ስሄድ የጋይንት ቤተ ልሔም ትዝ አለኝ። ድጓ ለማስመስከር ከየአድባራቱ ተማሪ የሚጎርፍባት ያቺ ደብር ስንት ዘመን የቆየችው በማን ገንዘብ ነው? ለምድ የለበሰ ልጅ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ከውሻ እየታገለ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል። የቤቱ እመቤት ቁራሽ ትሰጠዋለች። ዜማው ይዞለት መምህር ይሁን፣ ወይም አቋርጦ ይሂድ፣ አትጠይቀውም። ከመቶው ተማሪ ስንቱ ለወንበር እንደሚበቃ የሚያውቅ የለም፤ ግን መቶውም ይበላል። ጋይንት ድሃ አገር ነው፤ ዓመት ከዓመት እህሉ የማይበቃው ገበሬ የሞላበት። ይህን ያህል ረጅም ትምህርት በቁራሽ መግቦ የቻለው ይኸው ድሃ አገር ነው። አክሊሉ ለማ ያጡት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም፤ ያን ሁሉ ዓመት ሳያቋርጥ የሚደርስ ቁራሽ።

የስማዳው ልጅ ነገር በባንክ አልተፈታም። ዕቁብ አለው፤ አሥራ ሁለት ሰው ናቸው። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ዕጣ ሳይጣል ለእርሱ እንዲሰጥ አባላቱን ለመኑለት። ዕቁብም ዋስ ይጠይቃል፤ ሁለት ሰው ፈረመ። አንዷ ማሽኑ የቆመበት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። በብሩ ቴስተር፣ መበየጃና ያገለገለ የኦክስጅን መለኪያ ገዛ፤ መለኪያው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ፣ በመንገዱ ምክንያት፣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የመጀመሪያው ማሽን ማጣሪያው ተለውጦ ሠርቷል። ሁለተኛው ገና ነው። ናይትሮጅኑን የሚያስቀርለት ፍሬ መሰል ነገር እርጥበት ገብቶት ተበላሽቷል፣ ምትኩም በቅርብ አልተገኘም። ባለፈው ቅዳሜ ሳገኘው ለእሱ የሚሆን ከየት እንደሚመጣ በስልኩ እየፈለገ ነበር።