ኸምር ሳይቀምሱ ጉበት ሲሰባ



እኛ ዘንድ «ጉበቱን አሞታል» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው «ይጠጣ ነበር እንዴ?» ነው። አሰላ የብቅል ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ይሁን ወይ ሌላ፣ ሐሳባችን ወደ ቢራ ለመሮጥ ይፈጥናል።

አምና አንድ ወጣት ሰጋጅ አልትራሳውንድ ተነስቶ ጉበቱ ላይ ስብ ተገኘ። ለጓደኛው ነገረው፤ ሳምንት ሳይሞላ «ለካ ተደብቆ ይጠጣል» ተባለ። ልጁ ከጀማዓ ራቀ። በኋላ «ኡስታዝ፣ ውጭ ያለው አጎቴ በምራቅ የሚሠራ የዘር ምርመራ ያሠራልኛል። ከቤተሰብ የመጣ ከሆነ ወረቀቱን ለሁሉም አሳያለሁ» አለኝ።

ምርመራው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ዳላስ ተመራማሪዎች ፒኤንፒኤልኤ3 የሚባል ጂን (ዘረመል ማለቴ ነው፤ ሌላው ጂን እንዳይመስላችሁ!) ከጉበት ስብ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። አንደኛውን ዓይነት ከወላጆቹ የወረሰ ሰው ጉበቱ ስቡን ለመልቀቅ ይቸገራል፤ ጠብታ ኸምር ሳይቀምስም። «ገይብ ማወቅ አይሆንም ወይ?» ያለኝ ወንድም አለ። አይሆንም። ምርመራው ዝንባሌን እንጂ ቀደርን አይናገርም፤ ዘረመሉ ኖሯቸው የማይታመሙ ብዙ ናቸው።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ዘረመሉ ባይገኝበትስ? ውፍረትና ስኳር ብቻቸውን ጉበትን ያሰባሉ፤ ሰፈሩ ግን «ይኸው፣ ጠጪ ነው» ይላል። ደግሞስ ማስረጃ የሚጠየቀው ከሳሹ አይደለም ወይ? ሱረቱል ሑጁራት ጥርጣሬን፣ መሰለልንና ሐሜትን የከለከለችው ለሌላ ሕዝብ አይደለም። ለልጁ «ለማንም ወረቀት አታሳይ» አልኩት።

ለሕክምናውም ቢሆን ሐኪሞች ይህን ምርመራ እንደ ደንብ አያዙትም፤ ተገኘም አልተገኘም የሚሰጡት ምክር አንድ ነውና። ወፍራም ሰው ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ ከቀነሰ ጉበቱ በጣም ይሻሻላል፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ መሆኑ ነው።

በርጫውንም ዝም ብዬ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሐረር ጥናት እንዳሳየው፣ ከጉበት ሕሙማኑ መካከል መጠጥ ምክንያት የሆነባቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ምክንያቱ ካልታወቀው ብዙ ሕመም ጋር ግን ጫት በጥብቅ ተያይዞ ተገኘ። ከዙህር እስከ መግሪብ በስኳር ሻይና በለስላሳ እያወራረዳችሁ የምትቅሙ ወንድሞች፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «አልጠጣም» ብላችሁ አታቁሙ። ስንት ዓመት እንደቃማችሁም ንገሩት።