ለብስክሌት መንገድ በቤታችን ያሰፋነው ጥላ

የራያን ቆላ የሚያውቅ ሰው የቆቦን ፀሐይ ያውቃታል። ከተማይቱ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው ጎዳና ላይ ተቀምጣ የዞብልን ተራራ በምሥራቅ ስለምታይ፥ ፀሐይ ከዞብል ራስ ብቅ ካለችበት ሰዓት ጀምሮ በማሽላው ሜዳ ላይ የሚጋርዳት ነገር የለም። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያና በነሐሴ እኩሌታ ገደማ፥ ቀትር ላይ በአናታችን ትክክል ትቆማለችና የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ይገባል። ለአገሩ ተወላጅ ይህ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከልጆቻችን አንዱ ሐኪሞች አልቢኒዝም በሚሉት ሁኔታ፥ ማለት ቆዳንና ዐይንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ሳይኖረው ስለ ተወለደ፥ እኛ ፀሐይን እንደ ጎረቤቶቻችን ልንንቃት አልተቻለንም። ይህ ከአባትም ከእናትም በዘር የሚወረስ እንጂ ርግማን አለመሆኑን ለጠየቀን ሁሉ ስንነግር ኖረናል።

ልጁ ዘጠነኛ ክፍል በገባ ጊዜ ትምህርቱ በቆቦ፥ ቤታችን ግን ከቆቦ በስተ ደቡብ በሮቢት በኩል ስለ ሆነ፥ በታላቅ ወንድሙ ብስክሌት የኋላ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ይመላለስ ጀመር። የዐይኑ ብርሃን ደካማ ነውና መኪና በሚበዛበት ጎዳና እርሱ ራሱ ይንዳ ለማለት አልደፈርንም።

በመጀመሪያ አያቱ፥ እንደ አገሩ ልማድ ጠጕርን ከድርቀት የሚያድን ቅቤ ፊትንም ያድናል ብለው ቀቡት። ቅቤው ጠጕሩን አለሰለሰው፤ ፊቱ ግን ቀላ። እኛ ደግሞ ከእርሳቸው ይልቅ ዐዋቂዎች መስሎን፥ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ገዝተን በሙቀጫ ከሰሊጥ ዘይት ጋር ለወስነው። ዚንኩ በእውነት ፀሐይን የሚከለክል ነው፤ ሆኖም በእጅ የተለወሰ እንደ ሆነ አንዱ ስፍራ ይጓጕላል፥ ሌላው ስፍራ ባዶውን ይቀራል። ፊቱ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነጥቶ እያየን ልባችን አርፎ ሳለ፥ በሳምንቱ የቀኝ ጆሮው ውሃ ቋጠረ።

ቀኙ ብቻ መሆኑ አስገረመን፤ በጎኑ ተኝቶበት ይሆናል አልን። ነገሩን የፈታው ታላቅ ወንድሙ ነው። በደጃፋችን አፈር ላይ መንገዱን በእንጨት ሥሎ፥ «ጧት ወደ ሰሜን ስንሄድ ፀሐይ ከዞብል በቀኛችን ትወጣለች፤ ማታ ወደ ደቡብ ስንመለስ በምዕራቡ ደጋ በኩል ደግሞ በቀኛችን ናት» አለን። የልጃችን ግራ ጆሮ በመንገድ ላይ ጥላ ሲያገኝ፥ ቀኙ በቀን ሁለት ጊዜ ይጠበስ ኖሯል። በብስክሌት ላይ ነፋሱ ፊትን ስለሚያቀዘቅዝም፥ ልጁ መቃጠሉን የሚያውቀው ከቤት ከገባ በኋላ ነው።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወስደነው፥ አስቀድሞ ጨርቅ፥ ጨርቅ ለማይሸፍነው ስፍራ ደግሞ በፋብሪካ የተሠራ ቅባት እንዲሆን ተመከርን። በታንዛኒያ በሞሺ ከተማ ያለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ኪሊሰን የተባለ ቅባት ይሠራል፤ እዚያ ግን በልኬትና በመሣሪያ ነው እንጂ እንደ እኛ በሙቀጫ አይደለም። ስለዚህ ሙቀጫውን ለበርበሬ መልሰን ወደ ልብስ ሰፊ ሄድን።

ጨርቁን የመረጥነው ወደ ፀሐይ አንሥተን በማየት ነው። ነጠላ እንኳን አንድ እጥፉ፥ ድርቡም ብርሃን ያሳልፋል፤ ይልቁንም በላብ የራሰ ስስ ነጭ ጥጥ ከደረቁ የባሰ ነው። አቡጀዴውም ከታጠበ በኋላ እምነት አልጣልንበትም። በመጨረሻ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ሰማያዊ ካኪ ገዛን። ልጁ ይሞቃል ብሎ አጕረመረመ፥ እውነቱንም ነበር፤ ነፋስ እንዲገባው ሰፋ አድርገን አሰፋንለት። ቆቡ በዙሪያው ከአራት ጣት የማያንስ ክፈፍ፥ ከኋላውም ጆሮንና ማጅራትን የሚጋርድ መጋረጃ አለው፤ ነፋስ እንዳይገለብጠው በአገጭ ሥር በጥብጣብ ይታሰራል። ወንድሙን በወገቡ ሲይዝ እጅጌው ወደ ላይ እየተሳበ የእጁ ጀርባ ይገለጥ ነበርና፥ እጅጌውን አስረዝመን አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ አስበጀንለት። ሱሪውም በጎማው ሽቦዎች መካከል እንዳይገባ በቍርጭምጭሚቱ ላይ ይቋጠራል። ጥቁር መነጽር ጨመርንለት።

የቀረው ፊቱና ከንፈሩ ብቻ ስለ ሆነ፥ ዋጋው የሚያስጨንቀን ቅባት አሁን ረዘም ላለ ጊዜ ይበቃናል። ጧት ከመነሣቱ በፊትና ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይቀባዋል፤ በክረምትም፥ ስስ ደመና ፀሐይን አያግድምና፥ አያቋርጥም።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ጆሮው ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። የልብሱም የቀኝ እጅጌ ደብዝዞ አመድ መስሏል፥ የግራው እንደ ተገዛ ነው። ልብስ ሰፊው ሁለቱን አስተያይቶ፥ ካኪውን ከሁለት ጣቃ ቈርጬ ሰፍቼ ይሆን እያለ ሲጨነቅ አገኘነው። ነገሩን አስረድተን፥ ለመጪው መስከረም የሚሰፋውን የቀኝ እጅጌ ድርብ እንዲያደርገው አዝዘነዋል።