የተከራዩት ቤት አትክልት

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው የእንጦጦ ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይቀበለዋል። በዚያ ሰፈር በተከራየነው ቤት ደጃፍ ጤና አዳምና ጽጌረዳ፥ በጓሮው አንድ ኮክ ነበረ። የቤቱ እመቤት ቁልፉን ሲያስረክቡን «ኮኩን ሟች ባለቤቴ የተከሉት ነው» አሉን። እኛ ግን «የሰው ንብረት ነው» ብለን በበጋው ውሃ ነፈግነው፤ ቅጠሉም ረገፈ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ የተከራየውን በጥንቃቄ እንዲይዝ፥ እንደ ተረከበውም እንዲመልስ ያዛል። እንግዲህ ማጠጣቱና ማረሙ፥ ከክረምት በፊትም ቦዩን መጥረጉ የእኛ ፈንታ ነበረ፤ ዛፍ መቁረጥ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም።

አፍረን ማታ ማታ እናጠጣው ጀመር። በሰኔ ከግንዱ ቀንበጥ ወጣ። እመቤቲቱ መጥተው አዩት፤ ምንም ሳይናገሩ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ። አንባቢ ሆይ፥ ኪራይ በየወሩ ይከፈላል፤ አደራ ግን በየዕለቱ ነው።