በቫንኩቨር የባሕር ዳር መንገድ በቢስክሌት

የአንድን ከተማ ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በአውቶሞቢል ፈጥኖ ቢያልፍ ብዙ ነገር ያመልጠዋል፤ በእግሩ ቢሄድም ቀኑ አይበቃውም። ቢስክሌት ግን ከሁለቱ መካከል ሆና፥ ዓይን ያየውን ልብ እንዲያስተውለው ጊዜ ትሰጣለች። ስለዚህ በካናዳ አገር በምዕራብ ጠረፍ ባለችው በቫንኩቨር ያየነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንነግራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከተማይቱ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመች። ከንግድ ሰፈሯ አጠገብ ወደ ባሕር የገባ፥ ስፋቱ 400 ሄክታር ያህል የሆነ ስታንሊ ፓርክ የሚባል ደን አለ። በዙሪያውም 9 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የድንጋይ ግንብና መንገድ ተሠርቶለታል። ቢስክሌተኞች ባሕሩን በቀኝ እያደረጉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራሉ፤ እግረኞችም የራሳቸው መስመር አላቸው። ሕጉ ቢስክሌተኛ ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርግ ያዛል። ስለዚህ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋራ በጸጥታ ሲጓዙ አይተን ደስ አለን።

ከወደቡ ተነሥተን ስንዞር፥ በ1816 ዓ.ም. የተሠራውንና በየማታው በ3 ሰዓት የሚተኮሰውን አሮጌ መድፍ አየን። ከዚያም በ1938 ዓ.ም. በተከፈተው በላየንስ ጌት ድልድይ ሥር አልፈን፥ ከባሕሩ ዳር ብቻውን የቆመ ታላቅ ዐለት ዘንድ ደረስን። የስኳሚሽ ሕዝብ ይህን ዐለት ስለ ደግነቱ ወደ ድንጋይ የተለወጠ ሰው ነው ይላሉ።

ግንቡ የተጀመረው በ1917 ዓ.ም. ሲሆን፥ ምክንያቱም ማዕበሉ ዳርቻውን እየሸረሸረ ስላስቸገረ ነው። ጄምስ ከኒንግሃም የተባለ የግንበኞች አለቃ ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜውን በዚሁ ሥራ ፈጸመ፤ በ1963 ዓ.ም. ሲሞት ግን ሥራው ገና አላለቀም ነበር። የግንቡ ዙሪያ የተጋጠመው በ1971 ዓ.ም. ነው። ባሕሩም ዛሬ አልተኛም፤ በ2006 ዓ.ም. የተነሣው ዐውሎ ነፋስ 10,000 ያህል ዛፍ ጣለ፥ በ2022 ዓ.ም. የመጣውም ማዕበል ግንቡን ሰብሮ ነበር።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ሌላ ነው። በዚህ ደን ውስጥ ኋይኋይ የሚባል የቀድሞ ባላገሮች መንደር ነበረ። በ1888 ዓ.ም. በደኑ ዙሪያ መንገድ ሲወጣ፥ የመንደሩ ሰዎች በብዙ ዘመን ያከማቹት የዛጎል ክምር ተቈፍሮ የመንገዱ ንጣፍ ሆነ። በኋላም በ1920ዎቹ ዓመታት ከቀሩት የደኑ ነዋሪዎች አብዛኞቹ በመሬቱ መብት የላቸውም ተብሎ ተፈረደባቸው። ለተመልካች የቆሙት የመጀመሪያዎቹ የተቀረጹ የእንጨት ዐምዶች እንኳ አብዛኞቹ ከሌላ ጠረፍ የመጡ እንጂ የቦታው ባለቤቶች ሥራ አልነበሩም።

መልካም መንገድ የከተማ ጌጥና የቤተ ሰብ ጤና ነው። ሆኖም መንገድ የሚያወጣ ሹም ድንጋዩንና ወጪውን ብቻ ሳይሆን፥ መንገዱ በማን ደጅ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። የፈረሰ ግንብ በገንዘብና በጕልበት ይጠገናል፤ የፈረሰ መንደር ግን ተመልሶ አይገነባም።